ስሞንግ፦ መንደሯን ያተረፈች ቃል

እሑድ ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ጠዋት፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር 2 ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት በስተምዕራብ፣ ከባሕሩ ወለል ሥር ያለው ዐለት ተሰነጠቀ። የመሬት መንቀጥቀጡ መጠን 9.1 ነበር። ለመንቀጥቀጡ ምንጭ እጅግ ቅርብ ከሆኑት ሥፍራዎች አንዷ በሲሜሉዌ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኘው የላንጊ መንደር ናት። መንቀጥቀጡ ካበቃ ከ8 ደቂቃ ገደማ በኋላ ከ10 እስከ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ማዕበል ደርሶ የመንደሯን ቤቶች ከመሠረታቸው በቀር ምንም ሳያስቀር ጠረጋቸው። ከ800 ያህሉ ነዋሪዎች ግን አንድም ሰው አልሞተም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ አንባቢያን፣ የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ መጠን የሱናሚን ፍጥነት የሚሰጠውን እኩልታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ጽፌአለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ላንጊ ካወራሁ በኋላ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ታዲያ ሰዎቹ በምን ዐወቁ?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያን ዘመን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረም። በመንደሯም የሚጮኽ ደወል አልነበረም። የተማሪው ጥያቄ ከእኩልታው በላይ ስላሳሰበኝ መልሱን በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ደሴቲቱና ኑሮዋ

ሲሜሉዌ ከሱማትራ ምዕራባዊ ጠረፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይዛ በውቅያኖሱ ላይ የተጋደመች ደሴት ናት። ወደ ዋና ከተማዋ ሲናባንግ የሚሄድ መንገደኛ ወይ በትንሽ አውሮፕላን ይበርራል፣ ወይ ከሱማትራ ጠረፍ በጀልባ ተሳፍሮ ሌሊቱን በባሕር ላይ ያሳልፋል። ባሕሩ በተቆጣ ጊዜ ጀልባዋ ስለማትነሣ ደሴቲቱ ከዋናው ምድር ትለያለች።

ነዋሪው ዓሣና ሎብስተር ያጠምዳል፤ ቅርንፉድና ኮኮናት ያመርታል፤ የቤት ጎሽ ያረባል። የደሴቲቱ መሐል ኮረብታና ደን በመሆኑ አብዛኛው መንደር የተቆረቆረው በጠረፉ ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ንብረት፣ ቤቱም ጀልባውም መረቡም፣ ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ ይገኛል። ይህ አሰፋፈር ለኑሮ ይመቻል፤ ለሱናሚ ግን ያጋልጣል። መልካሙ ነገር ኮረብታውም ቅርብ መሆኑ ነው።

የ1907 ትዝታ

በጃንዋሪ 1907 ይህችው ደሴት በከባድ ሱናሚ ተመትታ ብዙ ሰው አልቆባታል። የተረፉት ሰዎች ለዚህ ክስተት በደቫያን ቋንቋቸው «ስሞንግ» የሚል ስም ሰጡት። ሽማግሌዎች ማታ ማታ ለልጆች በሚያወሩት «ናፊናፊ» በተባለው ትረካ፣ እናቶችም በእሹሩሩ ዜማ ቃሉን ከትውልድ ወደ ትውልድ አሻገሩት። የትረካው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ምድር በኃይል ከተንቀጠቀጠችና ባሕሩ ከሸሸ ሳትዘገይ ወደ ኮረብታ ውጣ፤ ለንብረትህ ብለህ አትመለስ።

በ2004 ጠዋት ምድር ስትናወጥ «ስሞንግ! ስሞንግ!» የሚለው ጩኸት ከቤት ቤት ተዳረሰ። ሰዎቹ ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዘው ጀልባቸውን፣ ከብታቸውንና ቤታቸውን ትተው ወጡ። በመላው ደሴት ከነበሩት 78,000 ያህል ሰዎች መካከል የሞቱት 7 ብቻ ናቸው። በዚያው ዕለት በዋናው የሱማትራ ምድር፣ በአቼ ጠረፍ፣ ከ160,000 በላይ ሕዝብ አልቋል። በአንዳንድ የባሕር ዳርቻዎች ሰዎች ውኃው ሲሸሽ መሬት ላይ የቀሩትን ዓሦች ለመልቀም ወደ ባሕሩ ወርደው ነበር። ስሞንግ የሚለውን ቃል የነገራቸው አልነበረም።

ባሕሩ ለምን ይሸሻል?

በዚህ አካባቢ የሕንድ ውቅያኖስን ወለል የተሸከመው የመሬት ቅርፊት ሰሌዳ (ፕሌት) በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተንቀሳቀሰ ከሱማትራ ሥር ይገባል። ሁለቱ ሰሌዳዎች በሰበቃ ኃይል ስለሚያያዙ የላይኛው እንደ ተለጠጠ ምንጭ ይጎብጣል። በአንድ መቶ ዓመት የሚጠራቀመው እንቅስቃሴ 5 ሜትር ይደርሳል። ሰበቃው አልችል ሲል የላይኛው ሰሌዳ ይፈናጠራል። በ2004 የተሰነጠቀው ርዝመት 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

በፍንጠራው ጊዜ የባሕሩ ወለል በውቅያኖሱ በኩል ሲነሣ በየብሱ በኩል ደግሞ ይሰጥማል። የውኃው ገጽም የወለሉን ቅርጽ ይከተላል። ስለዚህ ወደ ሱማትራና ወደ ታይላንድ የሚጓዘው ሞገድ ፊት ለፊት የሚያስቀድመው ረባዳውን ክፍል በመሆኑ ባሕሩ አስቀድሞ ይሸሻል። ወደ ስሪላንካ የሄደው ግን ጉብታውን አስቀደመ። ከዚህ የምንረዳው ባሕሩ መሸሹ አስተማማኝ ምልክት ቢሆንም አለመሸሹ ለደኅንነት ዋስትና እንደማይሆን ነው።

የሱናሚ ሞገድ ርዝመት ከመቶ ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥልቁ ውቅያኖስ እንኳ እንደ ኩሬ ስስ ነው። በዚህ ሁኔታ የሞገዱ ፍጥነት የስበት መጠንና የውኃው ጥልቀት ሲባዙ የሚገኘው ውጤት ስኩዌር ሩት ይሆናል። ጥልቀቱ 4,000 ሜትር ከሆነ 9.8 በ4,000 ተባዝቶ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ 198 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 713 ኪሎ ሜትር እናገኛለን፤ ይህም የመንገደኛ አውሮፕላን ፍጥነት ያህል ነው። ጥልቀቱ 10 ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። የሞገዱ ፊት ሲዘገይ ከኋላው የሚመጣው ውኃ ይደርስበታል፤ በጥልቁ ባሕር ላይ መርከበኛ የማያስተውለው ሞገድ በጠረፍ አጠገብ ግድግዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትርም ቢሆን ሮጦ የሚያመልጠው ሰው የለም። ማምለጥ የሚቻለው አስቀድሞ በመነሣት ነው።

ስምንት ደቂቃና ሰባት ሰዓት

ያው ሞገድ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ወደ እኛው የአፍሪካ ቀንድ መጥቷል። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ርቀት ለመጓዝ ሰባት ሰዓት ያህል ፈጅቶበት ሶማሊያ ደረሰ፤ ሃፉን በተባለው ሥፍራና በአካባቢው ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ገደለ። በዚያ ጊዜ የእስያው እልቂት በዓለም ዜና ማሰራጫዎች ሲነገር ሰዓታት አልፈውት ነበር። በኬንያ ዜናው ለባለሥልጣናት ስለደረሰ ሰዎች ከባሕር ዳርቻ እንዲርቁ ተደርጎ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ላንጊ 8 ደቂቃ ነበራት፤ ሃፉን 7 ሰዓት ነበራት። ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስም ይኸው ነው። ርቀት ጊዜ ይሰጣል እንጂ ሰው አያድንም፤ ጊዜውን የሚጠቀምበት ዕውቀት በሰዎቹ ዘንድ መገኘት አለበት።

ኮራል የመዘገበው ታሪክ

ማርች 28 ቀን 2005 መጠኑ 8.6 የሆነ ሌላ መንቀጥቀጥ ሲሜሉዌንና ጎረቤቷን ኒያስን መታ። በተለይ በኒያስ ብዙ መቶ ሰዎች በፈረሱ ሕንፃዎች ሥር ሞቱ። የሲሜሉዌ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ በ2004፣ ደቡባዊው ጠረፍ ደግሞ በ2005 አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከባሕሩ በላይ ከፍ ብሏል። የኮራል አምባዎች ከውኃ ወጥተው በፀሐይ ነጥተው ሞቱ። ባለ ጀልባው የሚያውቀው መግቢያ ጥልቀቱን አጣ።

ለሳይንቲስቶች ግን የሞተው ኮራል መዝገብ ሆነላቸው። ኮራል የሚያድገው ዝቅተኛው የባሕር ውኃ እስከሚደርስበት ከፍታ ብቻ ነው። ምድሪቱ ከፍ ስትል የላይኛው ክፍሉ ይሞታል፤ እንደ ዛፍ ግንድ ያሉት ዓመታዊ ቀለበቶቹም የሞተበትን ጊዜ ይነግራሉ። ዕድሜውን በዩራኒየምና ቶሪየም በመለካት በደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ተመሳሳይ ከፍታዎች እንደተከሰቱ ታውቋል። ከዚያ እስከ 2004 ከ500 ዓመታት በላይ አልፈዋል። የዚያን ዘመን ትዝታ የሚተርክ እሹሩሩ አልቀረም። ስሞንግ የተረፈው 97 ዓመት ብቻ ስለቆየ ነው፤ ይህም አያት ለልጅ ልጁ ሊያወርሰው የሚችለው ዘመን ነው።

የስሞንግ ወሰን

ባህላዊው ዕውቀት ሁሉን አይሸፍንም። በኦክቶበር 2010 በሜንታዋይ ደሴቶች አጠገብ የደረሰው መንቀጥቀጥ ስንጥቁ በዝግታ ስለተጓዘ በሰው ዘንድ ብዙም አልከበደም፤ ሱናሚው ግን ከ400 በላይ ሰዎች ገደለ። በዲሴምበር 2018 የአናክ ክራካታው እሳተ ገሞራ ጎን ተንዶ ያስነሣው ሱናሚ ደግሞ ምንም ከባድ መንቀጥቀጥ ሳይቀድመው ከ400 በላይ ሕይወት አጠፋ። ስለዚህ የመንቀጥቀጡን ኃይል ብቻ ሳይሆን ርዝማኔውንም ማስተዋል ያሻል።

መሣሪያውም የራሱ ወሰን አለው። ኢንዶኔዥያ በ2008 ያስመረቀችው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት በ5 ደቂቃ ውስጥ መልእክት እንዲያወጣ የታቀደ ነው። ለላንጊ ቢሆን ኖሮ 3 ደቂቃ ብቻ ይተርፋት ነበር፤ ያውም የመብራትና የስልክ ምሰሶዎች ከመንቀጥቀጡ ቢተርፉ ነው። ለቅርብ ጠረፍ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ራሱ መንቀጥቀጡ ነው፤ ለሩቁ ጠረፍ ደግሞ መሣሪያውና ዜናው ናቸው።

በ2004 ጠዋት ሕፃን የነበሩት የላንጊ ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ለማሳደግ ደርሰዋል። ከባሕሩ ወለል ሥር ያለው ሰሌዳም በዓመት 5 ሴንቲ ሜትሩን መግፋቱን አላቆመም። ቀጣዩ ስሞንግ የሚመጣበትን ቀን ፊዚክስ ሊነግራቸው አይችልም። በዚያ ቀን በጠረፉ ላይ የሚገኝ ልጅ ቃሏን ሰምቶ እንዲያድግ ማድረግ ግን የእነርሱ ሥራ ነው።