አሮጌ የመኪና ሞተር ሲታደስ የሚፈጸሙ የተለመዱ ስሕተቶችና ለተግባር ትምህርት ያላቸው ትርጉም

ለረጅም ዘመን ያገለገለ የመኪና ሞተር ተፈትቶ፣ ተመርምሮና ታድሶ እንደገና ሲገጠም ለሠልጣኝ ሰፊ ትምህርት ይሰጣል። በተለምዶ ቮልስ የምትባለው ቮልስዋገን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የመጨረሻዋ መኪና ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን ባለቤቶቿ እያደሱ እስከ ዛሬ ይነዷታል። ሞተሯ አራት ሲሊንደር ያለውና በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ አሠራሩም ቀላል ስለሆነ ለማስተማሪያነት ይመቻል።

ይሁን እንጂ ሞተሩ መነሣቱ ብቻ እድሳቱ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። በተለይም ከአዲስ አበባ ርቀው በሚገኙ እንደ ራቤል ባሉ የደጋ ከተሞች የተበላሸን ዕቃ መተካት ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ አንድ ስሕተት የተግባር ትምህርቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ስሕተቶች ከነምክንያታቸው ማወቅ ይጠቅማል።

1. ሳይመረምሩ መፍታት። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ የቤንዚን መስጫ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር የእመቃ ግፊት መለካት አለበት። እዚህ ላይ የቦታው ከፍታ መዘንጋት የለበትም። ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ላይ፣ ማለትም በመንዝ ደጋ፣ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም የጥገና መጽሐፍ ለዝቅተኛ ስፍራ 100 ብሎ ያሰፈረው ንባብ በዚያ 70 ገደማ ቢሆን ሞተሩ አርጅቷል ማለት አይደለም። የሚሻለው አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይገባል፤ ንባቡ ከፍ ካለ ጥርጣሬው በፒስተን ፋሻና በሲሊንደሩ ላይ፣ ካልተለወጠ ግን በቫልቮቹ ላይ ያርፋል።

2. ምልክት ሳያደርጉ መበተን። የፒስተን ዘንግና ክዳኑ አንድ ላይ ተገጥመው የተስተካከሉ ናቸው። ክዳኑ ወደ ሌላ ዘንግ ከተዛወረ ቀዳዳው ትክክለኛ ክብነቱን ያጣል፤ ክራንክ ሻፍቱም ይጎዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ተሰጥቶት በየሣጥኑ ይቀመጥ።

3. በዐይን መገመት። በቮልስ ሞተር የክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የመንቀሳቀሻ ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚስተካከለውም በሦስት ስስ የብረት ቀለበቶች ነው። ይህ ክፍተት ከአንድ ወረቀት ውፍረት ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ዐይንም ሆነ እጅ አይለየውም። አዲስ ፋሻ በተበላ ሲሊንደር ውስጥ መግጠምም ሳይለኩ ከመሥራት የሚመጣ ጥፋት ነው።

4. ንጽሕናን መናቅ። ሲሊንደር ከተሞረደ በኋላ የሚቀረው ደቃቅ ብናኝ አዲሱን ፋሻ ይበላል። በሞቀ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ ወዲያው ዘይት መቀባት አለበት።

5. ዳዶዎችን በጉልበት ማጥበቅ። የሲሊንደር ራስ ዳዶዎች በታዘዘው ቅደም ተከተል፣ ደረጃ በደረጃና በጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ካልጠበቁ እመቃው ይሾልካል፤ ጥርሶቹም ይላጣሉ።

6. የአየር መምሪያ ላሜራዎችን አላስፈላጊ ናቸው ብሎ መተው። ነፋሱን በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የሚያዞሩት እነርሱ ናቸው። ላሜራዎቹ ከጎደሉ ደኅና የታደሰ ሞተር እንኳ በሙቀት ይቃጠላል።

በመጨረሻም ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ካንዴላዎቹ እንደ ወጡ በማስነሻው እየተሽከረከረ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ መቆየት ይገባል። አለበለዚያ ክፍሎቹ ዘይት ሳይደርሳቸው ይፋተጋሉ።

ከላይ የተዘረዘሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ ከጉልበት ወይም ከብልኀት ማነስ የሚመጡ አይደሉም፤ መለካትንና መመዝገብን ካለመልመድ የሚመነጩ ናቸው። እንግዲህ መምህሩ ለሠልጣኙ ነጥብ ሲሰጥ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የመለኪያ ሰንጠረዡንም መመርመር ይኖርበታል። ሰንጠረዡ ያልተሟላ ከሆነ ሞተሩ ቢነሣም ሥራው እንዳለቀ አይቈጠር። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ለአንድ ማሠልጠኛ ሁለተኛ ሞተር ከመግዛታቸው በፊት ማይክሮ ሜትር፣ የክፍተት መለኪያና የጥብቀት ቁልፍ መሟላታቸውን ቢያረጋግጡ፣ በአንዱ ሞተር ብዙ ሠልጣኞች በትክክል ሊማሩ ይችላሉ።