የእግር ዱካ በፖስታ፦ የዳንስ ስቱዲዮ ንግድ ከአርተር ሙሬይ እስከ ካዛንቺስ

የዳንስ እርምጃ ለንግድ የማይመች ዕቃ ነው። ዛሬ ከፍሎ የተማረ ሰው ማታ ለእህቱ በነጻ ያሳያታል፤ እሷ ነገ ለጓደኞቿ። መጋዘን አይገባ፣ አይቆለፍበት። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሸጠው የሚያድሩ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ከገበያው እንዴት አልወጡም? ይህን ጥያቄ ይዤ የአሜሪካን፣ የእንግሊዝንና የኮሪያን ስቱዲዮዎች ሳገላብጥ ሰነበትኩ፤ መጨረሻ ያረፍኩት ግን ካዛንቺስ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ከአርተር ሙሬይ ቢጀምር ደስ ይለኛል። በሕፃንነቱ ከኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት ወደ ኒውዮርክ የተወሰደው ይህ ሰው በ1920ዎቹ ዳንስን በፖስታ ሸጠ። ደንበኛው የእግር ዱካ የታተመበት ወረቀት ይደርሰዋል፤ ወለሉ ላይ ይዘረጋና ቁጥሩን እየተከተለ ይረግጣል። ትምህርቱ በመቶ ሺዎች ተቸበቸበ። እርምጃው በፖስታ ከመጣ ስቱዲዮ ለምን ያስፈልጋል? ሙሬይ ግን ሰው ወረቀት ላይ ብቻውን ሲሽከረከር ቶሎ እንደሚሰለቸው የገባው ይመስላል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ስሙን ለሌሎች እያከራየ ስቱዲዮዎቹን በየከተማው አበዛ፤ ከ1950 እስከ 1960 ደግሞ ከባለቤቱ ከካትሪን ጋር በቴሌቪዥን ቀረበ። ካትሪን በስክሪኑ ላይ በነጻ ታሳያለች፤ ተመልካቹ የሚያቅፈው ሰው ፍለጋ ወደ ስቱዲዮው ይመጣል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ የዚህ ብልሃት ልጅ ነው ብል አላጋነንኩም።

ብልሃቱ ጨለማ ጎንም ነበረው። በፍሎሪዳ የሙሬይን ስም ተከራይቶ በሚሠራ አንድ ስቱዲዮ ላይ የቀረበ ክስ በ1968 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ከሳሿ የ51 ዓመት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚፈጁ ስምንት ትምህርቶችን በ14 ዶላር ተኩል ብላ ገባች። ተሰጥኦ እንዳላት እየተነገራት፣ በ16 ወር ባልሞላ ጊዜ 14 ውል ፈርማ ለ2,302 ሰዓት ትምህርት ከ31 ሺህ ዶላር በላይ ከፈለች። በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ብትደንስ እንኳ ሰዓቱ ከሦስት ዓመት በላይ ይወስድባታል! የሥር ፍርድ ቤት የዘጋውን መዝገብ ይግባኝ ሰሚው አስከፈተው። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶችም የዳንስ ስቱዲዮን ውል በስሙ ጠርቶ የሚገዛ ሕግ አላቸው። ስቱዲዮው የሸጠላት እርምጃ አልነበረም፤ ብቸኝነቷን ነው መልሶ የሸጠላት። ዛሬም የዓመት ክፍያ አስቀድሞ የሚቀበል ጂም ባየሁ ቁጥር ይህች ሴት ትዝ ትለኛለች።

በ1960 አሜሪካን ያጥለቀለቀው ትዊስት መተቃቀፍን አስቀረ። አጋር የማይፈልግ፣ አስተማሪም እምብዛም የማይፈልግ ጭፈራ ለጥንድ ዳንስ ስቱዲዮ መልካም ዜና አልነበረም። መውጫውን ካገኙት አንዷ በቺካጎ አቅራቢያ ጃዝ ዳንስ ታስተምር የነበረችው ጁዲ ሼፐርድ ሚሴት ናት። ለመድረክ በሚመጥን ጥንቃቄ ታስተምራለች፤ እናቶች ግን ጥቂት ጊዜ መጥተው ይቀራሉ። ስትጠይቃቸው ዳንሰኛ መሆን ሳይሆን ዳንሰኛ መምሰል ነው የምንፈልገው አሏት። በ1969 ተማሪዎቿን ጀርባቸውን ለመስታወቱ እንዲሰጡ አደረገች። መስታወቱ ስህተታቸውን እየቆጠረባቸው ነበር፤ አሁን ፊት ለፊት የሚያዩት እሷን ብቻ ሆነ። ይህ ሥራ ጃዘርሳይዝ ተብሎ የፍራንቻይዝ ድርጅት ወጣው። አዲስ ዕቃ አልተገዛም፣ ግድግዳ አልፈረሰም፤ ሰው ዞሮ ቆመ፣ በቃ። በዚህ ንግድ ውስጥ ካነበብኳቸው ማሻሻያዎች ሁሉ በርካሽነቱም በብልህነቱም ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

ለንደን ውስጥ ዴቢ ሙር በ1979 ኮቨንት ጋርደን የነበረ የአናናስ መጋዘን ተከራይታ ስቱዲዮ ከፈተች፤ ስሙንም ፓይናፕል አለችው። ከትምህርቱ ጎን የዳንስ ልብስ ሸጠች፣ በ1982 ድርጅቷን አክሲዮን ገበያ አወጣችው፣ በኋላ ግን መልሳ የግል አደረገችው። ኮሎምቢያዊው ቤቶ ፔሬዝ ደግሞ የኤሮቢክስ ካሴቱን ረስቶ በሳልሳና በሜሬንጌ ካሴት ክፍሉን እንዳዳነ ይናገራል፤ ከዚያ የተወለደው ዙምባ በ2001 ማያሚ ላይ ድርጅት ሆነ። ዙምባ የራሱን አዳራሽ አልገነባም። አሠልጣኙን አሠልጥኖ በየወሩ አባልነት ያስከፍለዋል፤ የኪራዩ ራስ ምታት የሌላ ሰው ነው።

ኪራይ ካልን ዘንድ፣ የዚህ ንግድ ቁስሉ እዚያ ላይ ነው። ስቱዲዮ የሚከራየው ለወሩ ሙሉ ነው፤ ተማሪ የሚመጣው ግን ከትምህርት ቤትና ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ቀን ቀን ወለሉ ባዶ ይውላል። ስለዚህ አዋቂ ባለቤት ጠዋቱን ለጡረተኞች ይሰጣል፣ እኩለ ቀኑን ለልምምድ ያከራያል፣ ቅዳሜን ለቪዲዮ ቀረጻ ይተዋል።

ቀረጻውን ዋና ሥራ ያደረጉት ኮሪያውያን ናቸው። ሊያ ኪም በ2014 ሴኡል ውስጥ ያቋቋመችው ዋን ሚሊዮን የተባለ ስቱዲዮ በትምህርቱ መጨረሻ ተማሪዎቹን ከአስተማሪው ጋር ቀርጾ በዩቲዩብ ይለቃል፤ ተከታዮቹ ከ20 ሚሊዮን በላይ ናቸው። እርምጃው ለዓለም ሁሉ በነጻ ተበተነ፤ ሰው ግን አውሮፕላን ተሳፍሮ እዚያው ወለል ላይ ለመቆም ይሄዳል። የሙሬይ የእግር ዱካ እንደገና ማለት ነው። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሁሉም ለካሜራ ሲደንስ የሚሳሳት ሰው የሚቆምበት ጥግ ይጠፋል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ስቱዲዮዎቹን በየአገሩ ዘጋቸው። በዙም በተሞከረው ትምህርት ድምፁ እየዘገየ ሁለት ሰው አንድ ምት ላይ መገናኘት አልቻለም። በበይነ መረቡ የተረፉ አሉ፤ በኪራይ የወደቁትም ብዙ ናቸው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ እስክስታን ከፍሎ መማር እንግዳ ነገር ነበር፤ የሚለመደው ሠርግ ቤት ነው። አሁን ሚዜዎች አሠልጣኝ ቀጥረው ለሠርጉ ቀን ሲለማመዱ ይታያል። ባለፈው የሰፈራችን ግቢ ውስጥ ስልክ ወንበር ላይ ተደግፎ፣ ስድስት ወጣቶች አንድ ትከሻ ለመምታት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲታገሉ አይቻለሁ። ይህ ገበያ ነው፤ ግን ቤት የለውም።

ቤት የነበረው መላኩ በላይ ነው። ካዛንቺስ ፈንድቃ በምትባል አዝማሪ ቤት ያለ ደመወዝ፣ ግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ሽልማት እየኖረ፣ ማታ እዚያው ባንኮኒው ሥር እየተኛ ዓመታት ጨፈረ። በ2008 ቤቱን ራሱ ያዘው። የሥዕል ማሳያ ጨመረበት፣ የጃዝ ምሽት አስገባ፣ ኢትዮ ከለር የተባለውን ቡድን ይዞ ውጭ አገር ዞረ። ከጭፈራ ቤቱ ባህል ማዕከል ሲወጣ አዝማሪው አልተባረረም፤ በእኔ ዳኝነት ትልቁ ጥበቡ ይህ ነው። ካዛንቺስ በ2024 ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የፈንድቃም ቤት አብሮ ሄደ።

አሠልጣኞቹ አሉ፣ ሚዜዎቹም አሉ፤ የጎደለው ወለል ነው። ጠዋት ጠዋት ባዶ የሚውል አዳራሽ ያላችሁ ባለሆቴሎችና የወጣት ማዕከል ኃላፊዎች፣ እባካችሁ በሰዓት አከራዩት። ወለሉ እንጨት ከሆነ ደግሞ ይመረጣል፤ ሲሚንቶ ጉልበት ይጨርሳል።