የአያታችሁን ጠገራ ብር በሎሚ አትሹት!

ስለ ደረጃ ለማውራት ዲላን የመሰለ ከተማ የለም። ለምርት ገበያ የሚቀርበው የይርጋጨፌ ቡና ጥሬው ታይቶ፣ ተቆልቶና ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል። ገዢው ያላየውን ቡና የሚገዛው ያንን ደረጃ አምኖ ነው።

የሳንቲም ሰብሳቢዎች ገበያም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው። በተለይ «ፕሩፍ» በሚባሉት ላይ ጥብቅ ነው። ፕሩፍ ለመገበያያ ሳይሆን ለሰብሳቢ ተብሎ በተወለወለ ማተሚያ ደጋግሞ የሚታተም ሳንቲም ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ሳንቲሞች ከዚህ ወገን ናቸው።

እንደ ኤንጂሲና ፒሲጂኤስ ያሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ደረጃ ሲሰጡ ሁለት ነገር ይለያሉ። አንዱ ይዞታው ነው፤ መለኪያው ከ1 እስከ 70 ሲሆን በእጅ ብዙ ያልተነካካ ፕሩፍ ከ60 በላይ ያገኛል። 70 የሚሰጠው በአጉሊ መነጽር ታይቶ እንከን ላልተገኘበት ነው። ሌላው ንፅፅሩ ነው። ሜዳው እንደ መስታወት ጥቁር ሆኖ ሲያበራ፣ ምስሉ ደግሞ አመዳይ እንደወረደበት ነጣ ሲል «ካሚዮ» ይባላል። ልዩነቱ በሁለቱም ገጽ በጣም ከጎላ ኤንጂሲ «አልትራ ካሚዮ» ይለዋል። ያው 69 ቁጥር ይዞም ዋጋው በዚህ ብቻ ሊለያይ ይችላል።

ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን? ብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ጠገራ ብር አለ። 1780 የሚል ዓመት፣ የማሪያ ቴሬዛ ምስል፣ 28 ግራም ገደማ ክብደት። የቪየናው ማተሚያ ቤት ዛሬም በዚያው ዓመት ስለሚያትመው፣ ፕሩፍም ስለሚያወጣ፣ ዓመቱ ብቻ ዕድሜውን አይነግራችሁም። የአያታችሁ ግን ፕሩፍ ሳይሆን የተገበያዩበት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ልጆች ሊሸጡት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማንጻት ነው፤ በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና። ያበራል፣ እውነት ነው። ግን ፍተጋው ፀጉር የሚያክል ጭረት ይተዋል። መዛኙ ያን በብርሃን ሲያዘነብለው ያየዋል፤ በግልጽ የተፈተገ ከሆነ ቁጥር ነፍጎ «ጸድቷል» የሚል ምልክት ይጽፍበታል። ሻጋታ የገባው ቡና ታጥቦ እንደማይመለስ ሁሉ፣ የተፋቀ ብርም አይመለስም።

ስለዚህ ጠርዙን ብቻ ያዙት፣ በስልካችሁ በሰያፍ ብርሃን ሁለቱንም ገጽ አንሱት፣ መዝኑት፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ጥቁረቱን ተዉት። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ላልተነካ ገጽ ነው።