ጫት፣ ኬላና የወረዳ ገቢ፦ የአነቃቂ ምርቶች ታክስ በማን ሥልጣን፣ በምን መለኪያ?

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋማ አካባቢዎች የሚታወቁት በገብሳቸው፣ በበጎቻቸውና በሱፍ ሥራቸው ሲሆን፣ ጫት አምራች ተብለው ሲጠሩ አይሰማም። ይሁንና ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ተነስቶ በጣርማበር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ጉዞ ከውርጭ ምድር ወደ ቆላማው የቀወት ወረዳ ይደርሳል። በይፋትና በአርጎባ ተዳፋቶች ደግሞ የጫት ልማት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው ዋና መንገድም በዚሁ አካባቢ የሚያልፍ በመሆኑ፣ የሰሜን ሸዋ የገቢ ሠራተኞች አነቃቂ ምርትን በሕግ የመቆጣጠርና ታክሱን የመሰብሰብ ጥያቄ በየዕለቱ የሚገጥማቸው ጉዳይ ነው።

ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል። አንድ ነጋዴ በኮባ የተጠቀለለ ጫት ጭኖ ሲያልፍ ምን ያህል ሊከፍል ይገባል? ለማንስ ይከፍላል? በአንዱ ወረዳ ከከፈለ በኋላ በሚቀጥለው ወረዳ እንደገና እንዲከፍል የሚጠይቀው ሰው በየትኛው ሕግ ይጠይቀዋል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለነጋዴው የኪስ ጉዳይ ሲሆን ለመንግሥት ሠራተኛው ግን የሥልጣን ወሰን ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ካናቢስ፣ በተለምዶ ሐሺሽ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት በቁጥጥር ሥር ካዋላቸው ዕፆች አንዱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ስለሆነም ማንኛውም ወረዳ ወይም ከተማ በሐሺሽ ንግድ ላይ ታክስ ሊጥል ቀርቶ የንግድ ፈቃድ ሊሰጥ የሚችልበት መንገድ የለም። ጫት ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ አልተካተተም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን መርምሮ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲውል ሐሳብ አላቀረበም። ይህም ሆኖ አገሮች በየራሳቸው ሕግ ከመከልከል አልተቆጠቡም፤ ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝም በ2014 የጫት ንግድን አግደዋል። በኢትዮጵያ ጫት ሕጋዊ ምርት ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ በ2013 በጀት ዓመት ከውጭ ንግዱ የተገኘው ገቢ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በሌሎች አገሮች የአካባቢ መስተዳድሮች ስለ ካናቢስ የሚያነሱትን ጥያቄ እኛ አገር የሚያነሳው ጫት ነው።

የታክስ ሥልጣን ክፍፍል መነሻው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 96 የፌዴራል መንግሥቱን፣ አንቀጽ 97 የክልሎችን፣ አንቀጽ 98 ደግሞ የጋራ የሆኑትን የገቢ ምንጮች ይዘረዝራሉ። በአንቀጽ 97 መሠረት የግል ገበሬዎች የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርና የግለሰብ ነጋዴዎች የንግድ ትርፍ ግብር የክልል ናቸው። በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ የታክስ ሥልጣን ሲያጋጥም ደግሞ በአንቀጽ 99 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ። በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ወረዳ የሚል ቃል አይገኝም። ወረዳ ታክስ የሚሰበስበው በክልሉ ሕግ በተሰጠው ውክልና እንጂ በራሱ የመነጨ ታክስ የመጣል ሥልጣን ኖሮት አይደለም። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1994 ዓ.ም. በአማራና በሌሎች ሦስት ክልሎች የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ወጪ የማውጣት ኃላፊነትን በስፋት ወደ ታች ሲያወርድ፣ ታክስ የመጣል ሥልጣንን ግን በዚያው ልክ አላወረደም። የወረዳው በጀት በአመዛኙ ከክልሉ በሚመጣ የድጎማ በጀት የሚሸፈነውም ከዚህ የተነሳ ነው። የራስ ገቢ ለማሳደግ የሚደረገው ግፊትና በእጅ ያለው የሥልጣን ጥበት ሲጋጩ፣ በመንገድ ላይ የሚዘረጋ ገመድ ቀላሉ መፍትሔ መስሎ መታየቱ አይቀርም።

ጫትን በተመለከተ በደርግ ዘመን ወጥቶ የነበረውን ሕግ የተካው የጫት ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 767/2004 ሲሆን፣ አዋጁ ታክሱን በኪሎ ግራም 5 ብር አድርጎ ወስኗል። በክብደት ላይ የተመሠረተ ታክስ ለአስከፋዩ አመቺ መሆኑ አያጠያይቅም። ሚዛን ያለው ሠራተኛ 100 ኪሎ ግራም ጭነት ላይ 500 ብር ብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ የዋጋ ክርክር የለም፣ የሽያጭ መዝገብ መመርመርም አያስፈልግም። ችግሩ ያለው ግን እዚሁ ቀላልነቱ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ኪሎው 200 ብር የሚያወጣ ተራ ጫትና ኪሎው 1000 ብር የሚያወጣ ምርጥ ጫት ጎን ለጎን ቢጫኑ ሁለቱም 5 ብር ይከፍላሉ። የመጀመሪያው የዋጋውን 2 ነጥብ 5 በመቶ ሲከፍል፣ ሁለተኛው ግማሽ በመቶ ብቻ ይከፍላል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ብር የመግዛት አቅሙ በወረደ ቁጥር በቁርጥ የተቀመጠ ታክስ ሳይሻር ይሻራል። በ2004 ዓ.ም. 5 ብር የነበረው ክብደት ከዓመታት በኋላ ምን ያህል እንደቀረ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የዚህን ግልባጭ ለማየት ወደ አሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት መሻገር ይጠቅማል። በዚያ የኦክላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 ነዋሪዎቿን ድምፅ አሰጥታ በካናቢስ መሸጫዎች ላይ ከእያንዳንዱ 1000 ዶላር ሽያጭ 18 ዶላር በመጣል ቀዳሚ ሆናለች። ግዛቲቱ በ2016 ለመዝናኛ የሚውለውን ካናቢስ በሕዝበ ውሳኔ ስትፈቅድ ከተሞችና አውራጃዎች ንግዱን በወሰናቸው ውስጥ እንዲከለክሉ፣ ወይም ፈቅደው የራሳቸውን ታክስ እንዲጥሉ መብት ሰጠች። ግዛቲቱ ራሷ 15 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስና በአምራቹ ላይ ደግሞ በክብደት የሚታሰብ ታክስ ከ2018 ጀምሮ ማስከፈል ጀመረች። አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ የሚመዝን አበባ፣ 9 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይከፈልበት ነበር። የጅምላ ዋጋ በ2021 ሲወድቅ ታክሱ ባለበት ቆመ፤ አምራቾች ከሽያጫቸው ትልቁን ድርሻ ለታክስ ማስረከብ ግድ ስለሆነባቸው የክብደት ታክሱ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ቀርቷል። የኤክሳይዙ ምጣኔም በሐምሌ 2025 ወደ 19 በመቶ ከፍ ካለ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ወደ 15 በመቶ ተመልሷል። ከዋጋ ጋር የማይንቀሳቀስ ታክስ ዋጋ ሲወርድ ሻጩን ያንቃል፤ ዋጋ ሲንር ደግሞ እንደኛው ግምጃ ቤቱን ያራቁታል። በአገራችን የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለሲጋራ የመረጠው መንገድ የሁለቱ ቅይጥ ሲሆን፣ አዋጁ ሲወጣ ከዋጋው 30 በመቶና በተጨማሪም 20 ፍሬ በያዘ ፓኬት 8 ብር እንዲከፈል ደንግጎ ነበር። ሲጋራ ግን ከጥቂት ፋብሪካና ከጉምሩክ በር ስለሚወጣ ዋጋውን መከታተል ይቻላል። ጫት የሚወጣው ከሺዎች ማሳ ነው።

ከማሳው ብዛት የተነሳ ታክሱን መንገድ ላይ መጠበቅ የቆየ ልማድ ሆኗል። ለሸዋ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ቀረጡን የሚከፍልባት የገበያ በር ነበረች። ዛሬም በአገሬው አነጋገር ታክስም፣ ግብርም፣ የመቆሚያ ክፍያም በጅምላ "ቀረጥ" መባሉ ከዚሁ የወረደ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን አሞሌ ጨው በር ላይ ቢያድር አይበላሽም። ጫት ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ የሚፈለግበትን ባሕርይ ያጣል። በዚህም ምክንያት በኬላ ላይ የሚጠፋ እያንዳንዱ ሰዓት በራሱ ተጨማሪ ታክስ ነው፤ ያውም ወደ መንግሥት ካዝና የማይገባ። የቸኮለ ነጋዴና ያልተጣደፈ ተቆጣጣሪ ሲገናኙ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ማስረዳት አያሻም።

ከሕግ አኳያም ኬላ ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስነሳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 12 በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመምራት ሥልጣን የፌዴራል መንግሥት ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚያቀና ጭነት የኦሮሚያን ክልል አቋርጦ የሚያልፍ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ወሰን የሚጠየቅ ክፍያ ስሙ "የአገልግሎት" ቢባልም የተሰጠው አገልግሎት ካልታየ ታክስ ነው። አንቀጽ 100 ክልሎችና የፌዴራሉ መንግሥት የሚጥሉት ታክስ ከምንጩ ጋር የተያያዘና ከሚቀርበው አገልግሎት ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን፣ በመካከላቸው ያለውንም መልካም ግንኙነት እንዳይጎዳ ያዛል። ሚዛን በሌለበት፣ ደረሰኝ በማይቆረጥበት ቦታ የተዘረጋ ገመድ ከእነዚህ መመዘኛዎች አንዱንም አያሟላም።

ወደ ደጋው ስንመለስ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። በመንዝና በአካባቢው ከተሞች ከጫት ይልቅ የቆየው አረቄ ሲሆን፣ የደብረ ብርሃን አረቄ ስም ከአካባቢው ወሰን አልፎ ይሰማል። አረቄ የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ በቤታቸው የሚሠሩና ከዚያች ገቢ ልጆች የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። በፋብሪካ አልኮል ላይ የተሰላ ኤክሳይዝ በእነዚህ እናቶች ጋን ላይ ይጣል ቢባል ታክሱን ለመሰብሰብ የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ገቢ ሊበልጥ ይችላል። በአንጻሩ ቁጥጥር አያስፈልግም ማለት አይደለም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን የሚከለክል በመሆኑ፣ ክልከላው በየመሸታ ቤቱ መከበሩን ማረጋገጥ ታክስ ከመሰብሰብ የማይተናነስ የወረዳና የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው። ጫት በዚህ የዕድሜ ገደብ ውስጥ አልገባም። በትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚከፈት የጫት ተራን ከቦታው ለማንሳት የከተማው አስተዳደር የሚጠቀምበት መሣሪያ እንግዲህ የቦታ አጠቃቀምና የንግድ ፈቃድ ሥልጣኑ ነው።

ገቢው ለማን ይድረስ የሚለው ጥያቄም ከቁጥጥሩ ተነጥሎ አይታይም። ካናዳ ካናቢስን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ስትፈቅድ ከኤክሳይዙ ሦስት አራተኛው ለክፍላተ አገራት፣ ቀሪው ለፌዴራሉ እንዲሆን ተስማምታለች፤ የኦንታሪዮ ከተሞች ደግሞ መሸጫ እንዳይከፈትባቸው የሚፈልጉ ከሆነ እስከ ጥር 2019 እንዲያሳውቁ አንድ ጊዜ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። የጎጂውን ምርት ገቢ የሚያገኝና ጉዳቱን የሚሸከም አካል አንድ እንዲሆን የታሰበ አሠራር ነው። በእኛ ወረዳዎች አንጻር ሲታይ ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ጎን አለ። የመምህራንንና የጤና ባለሙያዎችን ደመወዝ ለመሸፈን በጫት ገቢ ላይ የሚተማመን ወረዳ፣ የማሽላ ማሳ ወደ ጫት ሲለወጥ ወይም ወጣቱ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲጠፋ ለመናገር አንደበቱ ይታሰራል። ስለዚህም ከጫት የሚገኘውን ገቢ ከመደበኛ ደመወዝ ለይቶ ለመንገድ፣ ለውኃ ወይም ለወጣት ማዕከል ባሉ ውስን የካፒታል ሥራዎች ላይ ማዋሉ የተሻለ አማራጭ ነው፤ ገቢው ቢቀንስ የሚዘገየው ግንባታ እንጂ የሚቋረጠው ደመወዝ አይሆንም።

ለዕለት ሥራ የሚቀርበው እርምጃ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ነጋዴው ጫቱን በጫነበት ቦታ አንድ ጊዜ ተመዝኖ፣ ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ተቆርጦለት፣ በቀጣዮቹ ወረዳዎች ያሉ ባልደረቦችም ደረሰኙን አይተው እንዲያሳልፉት ማድረግ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የተስተካከለ ሚዛን፣ በየኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የታሪፍ ሰሌዳ፣ እንዲሁም በዞኑ ሥር ያሉ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች የአንዳቸውን ደረሰኝ ሌላው እንዲቀበል የሚያደርግ የተፈረመ ስምምነት ነው።