የወንድ ብልት ካንሰር፦ አፍረው አይዘግዩ

ይህ ካንሰር በአሜሪካ ብዙ አያጋጥምም፤ በዓመት የሚያዙት ከ100,000 ወንዶች ከአንድ ያነሱ ናቸው። ትንባሆ ማጨስና ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ አደጋውን ይጨምራሉ። በሕፃንነት መገረዝ ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን የተገረዘ ሰውም ሊታመም ይችላል።

ባያምዎትም እንኳ እነዚህን ካዩ ይመርመሩ፦
• አልድን ያለ ቁስል ወይም እብጠት
• የቆዳ መወፈር ወይም የቀለም ለውጥ
• መድማት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ
• በብሽሽት ላይ የወጣ ንፍፊት

ምልክቱ ካንሰር ላይሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ሐኪሙ ትንሽ ናሙና ወስዶ ያስመረምራል።

ሕክምናው
ካንሰሩ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከተደረሰበት በሚቀባ መድኃኒት፣ በሌዘር ወይም የታመመውን ክፍል ብቻ በማንሳት ሊታከም ይችላል፤ ብልቱም አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ከዘገየ ግን ብልቱን በከፊል ወይም በሙሉ ማስወገድ፣ የብሽሽት ዕጢዎችን ማውጣት፣ የጨረር ሕክምና ወይም ኬሞቴራፒ ሊያስፈልግ ይችላል።

ለሐኪሙ ሲናገሩ
«ከወገቤ በታች ያመኛል» ብቻ ካሉ ሐኪሙ እግርዎን ሊመስለው ይችላል። «ብልቴ ላይ ቁስል አለ» ይበሉ። ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ። ቀጠሮ ሲይዙ ወንድ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ፤ አስተርጓሚው ምስጢርዎን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።