በቦረና ሰማይ ላይ የሚያልፈው ኃይል

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ ደቡብ እየወረደ፣ ከያቤሎ በስተምዕራብ ያለውን የቦረናን ቆላ አቋርጦ፣ ከሞያሌ ምዕራብ ድንበሩን ተሻግሮ በኬንያ እስከ ሱስዋ የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ መሥመር ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ግፊቱ 500,000 ቮልት የሆነ፣ 2,000 ሜጋ ዋት ለመሸከም የተሠራ ታላቅ ሥራ ነው። ከብቱን ከብረት ማማዎቹ ሥር የሚያግደው አርብቶ አደር ግን ከዚህ መሥመር አንዲት አምፖል እንኳ አያበራም፤ «ከላያችን የሚያልፈው ኃይል ስለ ምን ወደ እኛ አይወርድም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሱም ግማሹ ከተፈጥሮ ሕግ፣ ግማሹ ከመንግሥታት ውል የሚገኝ ስለሆነ ሁለቱን ለይቶ ማየት ይገባል።

ኃይል በሽቦ ሲሄድ ሽቦው ይግላል፤ በሙቀት የሚባክነውም ኮረንቲው በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ነው። ስለዚህ ያንኑ ኃይል በእጥፍ ግፊት የሚልክ መሐንዲስ ኮረንቲውን በግማሽ ስለሚቀንስ ብክነቱን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ሩቅ አገር የሚሄድ ኃይል ግፊቱ ከፍ እንዲል የሚደረገውም ስለዚህ ነው። በቤታችን ያለው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ፣ ተለዋዋጭ የሚባለው ስለሆነ ትራንስፎርመር ግፊቱን በቀላሉ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለተለዋዋጩ የቆመው ዌስቲንግሃውስ ለቀጥተኛው የቆመውን ኤዲሰንን የረታው በዚሁ ጥበብ ነበር። ነገር ግን ተለዋዋጩ ኮረንቲ መንገዱ በረዘመ ቁጥር መሥመሩን ራሱን በየምልልሱ ሲሞላና ሲያጐድል ከዐቅሙ ብዙውን ይጨርሳል፤ በዚህም ላይ በእርሱ የተያያዙ ሁለት አገሮች መረቦቻቸው በአንድ ምት እንዲሄዱ ይገደዳሉ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስሰው ቀጥተኛ ኮረንቲ ከሁለቱም ችግሮች ነጻ ስለሆነ፣ ስዊድን በ1954 እ.ኤ.አ. ወደ ጎትላንድ ደሴት ከላከችው ጊዜ ጀምሮ ለረጅም መንገድ ተመራጭ ሆኗል፤ የሶዶና የሱስዋ መሥመርም ከዚሁ ወገን ነው።

ቀጥተኛ ኮረንቲ ግን ለትራንስፎርመር አይታዘዝም። በሁለቱ ጫፎች ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ፣ ቀጥተኛውንም ወደ ተለዋዋጭ የሚመልሱ ግዙፍና እጅግ ውድ የመለወጫ ጣቢያዎች ቆመዋል፤ ከመካከል ለአንዲት ወረዳ ጥቂት ኃይል ለማውረድ የሚፈልግ ሰው ሦስተኛ ጣቢያ መትከል አለበት። በአንጻሩ ከዚህ ታላቅ መሥመር በፊት ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ትሻገር የነበረችው ትንሽ ሽቦ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ስለምትሸከም ከተማዪቱን ያለ ብዙ ድካም ታበራ ነበር። እንዲህም ሆኖ ከቀጥተኛው መሥመር ኃይል ማውረድ አይቻልም ማለት አይደለም። ከሰርዴኛ ደሴት ወደ ኢጣልያ የብስ የሚሄደው ቀጥተኛ መሥመር የፈረንሳይን ደሴት ኮርሲካን እያቋረጠ 20 ዓመት ያህል ምንም ሳይሰጣት ከኖረ በኋላ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. 50 ሜጋ ዋት የምትቀዳበት ጣቢያ ተሠርቶላታል። እንግዲህ የተፈጥሮ ሕግ ዋጋውን ያስወድዳል እንጂ በሩን አይዘጋም፤ በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ውሉን የሚጽፈው ሰው ነው።

ውሉን ስንመለከት ኬንያ በመጀመሪያ 200 ሜጋ ዋት፣ አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት በ6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ለ25 ዓመት ልትገዛ ተስማምታለች፤ የዓለም ባንክም በ2012 እ.ኤ.አ. ለመሥመሩ ሥራ 684 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግራት ለኢትዮጵያ ይህ ሊናቅ የማይገባ ገቢ ነው፤ የኬንያን የነዳጅ ጭስ የሚቀንስ በመሆኑም ለጐረቤት የሚበጅ ንግድ ነው። ሆኖም ሽያጩ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈት ቦረና ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናም ወቅቶች ከድተውት፣ የከብቱ ሬሳ በየሜዳው ወድቆ፣ አባወራው በዱብሉቅ የተፈናቃዮች መጠለያ ሰፍሮ ነበር። ከምዕራቡ ደጋ ውኃ የተቀዳው ኃይል በጠማው ሕዝብ ላይ አልፎ መሄዱ ማንም በክፋት ያሰበው አይደለም፤ በውሉ ውስጥ ግን ስለዚህ ሕዝብ የሚናገር ሰው ሊኖር ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ደግሞ የኃይል ክርክሩ ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሻግሯል። ዐቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት የሆነው የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ወዲያውም በመስከረም 2018 ዓ.ም. መንግሥት ከሩሲያው ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ስለ መሥራት ሞስኮ ላይ ስምምነት ፈረመ። ከኃይሏ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነውን ከውኃ የምታገኝ አገር ዝናም ሲጐድል የማይጐድል ምንጭ መሻቷ ትክክለኛ አሳብ ነው። ነገር ግን አንድ የማመንጫ ክፍል ከመረቡ ጠቅላላ ዐቅም ከ10 እጅ አንዱን እንዳይበልጥ የሚመክረው የመሐንዲሶች ልማድ በምክንያት የተደነገገ ነው፤ እንዲህ ያለው ግዙፍ ምንጭ በድንገት ሲቆም መረቡን ሁሉ ይዞ ይወድቃልና። ከዚህም በላይ ከአቶም የተገኘው ኃይል እንደ ዓባይ ኃይል ሁሉ በሽቦ የሚሄድ ስለሆነ፣ ሽቦው ካልደረሰበት ሠፈር አይደርስም፤ በአገራችን ደግሞ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ያለ ኤሌክትሪክ ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም ራሱ ከመቶ 35 እጁን ሕዝብ ከመረቡ ውጭ፣ ይልቁንም በፀሐይ፣ ሊያዳርስ አቅዶ ነበር፤ የተቀጠረው ዓመት ግን ሥራው ሳይፈጸም አለፈ።

ፀሐይ ለቦረና በእርግጥ የምትስማማ ናት። የፀሐይ ሰሌዳ የሚያወጣው ኃይል ቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሆነ የውኃ መሳቢያ ሞተርን ያለ ብዙ መሣሪያ ያንቀሳቅሳል፤ ውድ ባትሪም አያስፈልገውም፤ ቀን የተሳበው ውኃ በጋን ተጠራቅሞ ሌሊቱን ያድራልና። ቱላ በሚባሉት የቦረና ጥልቅ ኤላዎች (የውኃ ጕድጓዶች) ጐልማሶች በየደረጃው ቆመው እየዘፈኑ የውኃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉ ያየ ሰው፣ ውኃ ወደ ገንዳው እስኪደርስ የሚወጣው የሰው ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ያ ድካም ሥርዓትም ነበረው። አባ ሄሬጋ የሚባለው የውኃ አዛዥ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ይወስናል፤ ጉልበቱም ውሱን ስለሆነ በኤላው ዙሪያ የሚሰበሰበው መንጋ ከልክ አያልፍም። የማይደክም ሞተር በዝናም ወቅት ግጦሽ መካከል ሲተከል ግን ከብቱ ወቅቱን ጠብቆ መሄዱን ትቶ በዚያው ይሰፍራል፤ ሣሩ ይጠፋል፣ ቍጥቋጦውም ይበዛል፤ ቀድሞ ያለ ምክር በተቈፈሩ የቦረና ጕድጓዶችና ኩሬዎች ዙሪያ የታየው ይኸው ነው። ስለዚህ ሞተሩ የሚተከልበትን ቦታና የሚሠራበትን ሰዓት አባ ሄሬጋውና የኤላው ጉባኤ ሊወስኑ፣ መለዋወጫውና የጥገናው ወጪ ደግሞ ከላይ በሚያልፈው መሥመር ከሚገኘው ዶላር ሊመደብ ይገባል፤ ይህም ከኬንያ ጋር የተደረገው ውል ሳይነካ በአዲስ አበባ በሚጸድቅ በጀት ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው።