የሚገድለው ሳሙናው ነው

በሃይፋ የአበሾች ሚርፔሴት (በረንዳ) ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላና አንድ ሁለት እግር ቃሪያ አይጠፋም። ጸደይ ሲገባ ደግሞ ክሽክሽ አይቀርም። በለጋው የቃሪያ ቅጠል ሥር ተጣብቆ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ ከላዩ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ጉንዳን ይሰለፋል። ያኔ «ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ በጥብጠሽ እርጪበት» የማይል ጎረቤት የለም። ምክሩ ከንቱ አይደለም። ግን ሽታውና ማቃጠሉ በአብዛኛው ተባዩን ያርቃል እንጂ አይጨርሰውም። የሚገድለው ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጨመረው ሳሙና ነው።

ክሽክሽ ገላው ለስላሳ ነው፤ እንዳይደርቅ የሚጠብቀው ስስ ሰም መሳይ ሽፋን ነው። ሳሙና ይህን ሽፋን ያፈርሰዋል፣ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹንም ይደፍናል። ይህ የሚሆነው ግን እርጥቡ ሳሙና ተባዩን ሲነካው ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ ነገ ለሚመጣው ክሽክሽ ምንም አያደርግም። ስለዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ቶሎ በማይደርቅበት ሰዓት፣ የቅጠሉን ሥር እየገለበጣችሁ እርጩ።

በሳሙና ስም የሚሸጠው ሁሉ ሳሙና አይደለም። አብዛኛው ሳቦን ኬሊም (የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ) ሽቶና ጠንካራ የቅባት ማስለቀቂያ ስላለበት ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል። እንደ ናብሉስ ሳሙና ያለ፣ ከወይራ ዘይት የተሠራ ጥፍጥፍ ሳሙና ይሻላል፤ በዋዲ ኒስናስ ገበያ ጠይቁ። 10 ግራም ያህሉን ፍቃችሁ በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙና 1 ሊትር ሙሉ። የማፍያችሁ ውስጠኛ ክፍል ነጭ ድንጋይ የሚያበጅ ከሆነ ውሃችሁ ኖራ የበዛበት ነው፤ ሳሙናው አረፋ ሳይሆን ዝቃጭ ስለሚሆን ኖራው የወጣለት ውሃ ተጠቀሙ። ኮምጣጤ አትጨምሩበት፤ ሳሙናውን ያበላሸዋል፣ ቅጠሉንም ያሳርረዋል።

እናቶቻችን በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ የዚሁ ዓይነት ኃይል በእጃቸው ነበር። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው የእንዶድ ምርምራቸውን የጀመሩት።

ነጭ ሽንኩርቱ ካስፈለጋችሁ አራት አምስት ፍንካች ወቅጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ የሚያባርረው ሽታ የሚፈጠረው ሲደቆስ ነው፣ ቀድሞ ከተቀቀለ ይዳከማል። ከዚያ በሳሙናው ውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ አጥልሉ፣ አለዚያ የመርጫው አፍ ይደፈናል። ሚጥሚጣውን ግን እኔ እተወዋለሁ። ማቃጠሉ ከውሃ ይልቅ በዘይት የሚሟሟ ነው፤ የባሕሩ ነፋስ ደግሞ ከቃሪያው ይልቅ ወደ ዓይናችሁና ወደ ጎረቤት የተሰጣ ልብስ ይወስደዋል። ድመት ካላችሁ የነጭ ሽንኩርቱን ትራፊ ደብቁ፣ ለድመት መርዝ ነው።

መጀመሪያ በሁለት ቅጠል ሞክራችሁ እስከ ማግስቱ ጠብቁ። ደህና ከሆነ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙ፤ በአንድ ርጭት የሚያልቅ ክሽክሽ የለም። አበባው ላይ ንብ ካለች አትርጩ፤ ቃሪያውንም ከመብላታችሁ በፊት እጠቡት።

ከመርጨታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጣችሁ ቀይዋን ነጠብጣባም ጥንዚዛ ፈልጉ። ካገኛችኋት መርጫውን አስቀምጡና ጥቂት ቀን ስጧት፤ ክሽክሽ ቀለቧ ነው። ልጇ ግን እናቷን አትመስልም፤ ረዘም ያለች፣ ግራጫ፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለባት ስለሆነች ብዙ ሰው ተባይ መስላው ይጨፈልቃታል።